ዘይት የሚበላ ሞተር፤ ከመፍረድ በፊት እንለካ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባችን ብጣሽ ወረቀት ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። በወረቀቱ ላይ አራት ቁጥሮች ብቻ ተጽፈዋል፤ 9.8፣ 9.6፣ 9.7 እና 9.5። ቁጥሮቹ የአንዲት መኪና የአራት ሲሊንደሮች የእመቃ ግፊት፣ በጋራዥ ቋንቋ «ኮምፕሬሽን» የሚባለው ልኬት ናቸው፤ አሃዳቸውም ባር ነው። መኪናዋን ባልደረባችን ለዓመታት ባጠራቀሙት ገንዘብ ያገለገለች ገዝተዋታል። ከገዟት ጊዜ ጀምሮ ግን በየወሩ የሞተር ዘይት መጨመር ግድ ሆነባቸው። የጋራዡ ባለሙያ ሞተሩን ለካ፤ የአምራቹንም መጽሐፍ ገልጦ ደረጃው 13 ባር፣ ዝቅተኛው ወሰን 10 ባር መሆኑን አሳያቸው። ከዚያም «አራቱም ከወሰን በታች ናቸው፤ ሞተሩ አልቋል፤ ወርዶ መታደስ አለበት» ሲል ፈረደ። የእድሳቱ ወጪ የባልደረባችንን የብዙ ወራት ደመወዝ የሚጠይቅ ነበር። «ከመክፈሌ በፊት እስቲ እናንተ የፊዚክስ ሰዎች እዩልኝ» አሉን።

የመለኪያው ንባብ ትክክል ነበር። መጽሐፉም አልተሳሳተም። ፍርዱ ግን ስሕተት ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ለመመለስ እንሞክራለን። መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገን ፊዚክስ በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው ነው።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በአገራችን መንገዶች ላይ ከሚታዩት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም ይታወሳል። በእጅ ያሉት ሞተሮች ረጅም ዕድሜ እንዲኖራቸው ከተፈለገ እንግዲህ በሽታቸውን በግምት ሳይሆን በልኬት ማወቅ ይገባል።

1. ዘይቱ ምን ይሠራል? ወዴትስ ይሄዳል?

ሁለት ብረቶች እርስ በርሳቸው በቀጥታ ከተፋተጉ ሰበቃው ከፍተኛ ሙቀት ይፈጥራል፤ ብረቶቹም ይበላላሉ። የዘይት ተግባር በመካከላቸው ስስ ሽፋን ሠርቶ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው። የማንቸስተሩ ፕሮፌሰር ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው የቅባት ንድፈ ሐሳብ እንዳሳየው፣ ተንቀሳቃሹ አካል ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ሲያስገባው በዘይቱ ውስጥ ጭነት መሸከም የሚችል ግፊት ይፈጠራል። ይህን የሚያስችለው የዘይቱ ዝልግልግነት ነው።

ፒስተኑ ከሲሊንደሩ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ በዙሪያው ክፍተት አለ። ክፍተቱን የሚዘጉት ባለሙያዎች «ፋሻ» የሚሏቸው ቀለበቶች ናቸው። የተሰነጠቀውን የብረት ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1852 ለእንፋሎት ሞተር የፈለሰፈው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ራምስቦተም ነበር። ቀለበቱ ስንጥቅ ስላለው እንደ ሞላ ራሱን ወደ ውጭ እየገፋ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል።

በዛሬው የቤት መኪና ፒስተን ላይ በአብዛኛው ሦስት ቀለበቶች ይገኛሉ። አንባብያን የሥራ ክፍፍላቸውን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ ላይ ቁልፍ ሚና ይኖረዋልና። የላይኛው ቀለበት የሚቃጠለውን ጋዝ ያግዳል። ሁለተኛው ጋዙንም ያግዛል፣ ዘይቱንም ይጠርጋል። ሦስተኛው ዋና ሥራው ዘይት ነው፤ ከግድግዳው ላይ የተረፈውን ዘይት እየጠረገ በፒስተኑ ላይ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ታች ይመልሰዋል።

ቀለበቶቹ ምን ያህል ረቂቅ ሥራ እንደሚሠሩ በቀላል ስሌት እንመልከት። አንድ ሞተር በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ዘይት ያቃጥላል እንበል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ቢሽከረከር፣ በአንድ ኪሎ ሜትር 2,500 ዙር ይሆናል። ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ዑደት የሚፈጽመው በሁለት ዙር ስለሆነ፣ አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ ኪሎ ሜትር 5,000፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር ደግሞ 5 ሚሊዮን ጊዜ ያቃጥላሉ። አንድ ሊትር 1 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሚሊሜትር ነው። በመሆኑም በአንድ ቃጠሎ የሚጠፋው ዘይት 0.2 ኪዩቢክ ሚሊሜትር፣ ማለትም የአንድ ጠብታ ሁለት መቶኛ እጅ ገደማ ነው።

የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ የጉዞ ርዝመት እያንዳንዳቸው 86 ሚሊሜትር ቢሆኑ፣ የግድግዳው ስፋት 23,200 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። 0.2ን ለዚህ ስናካፍለው የምናገኘው ውፍረት 9 ናኖሜትር ገደማ ነው። ጤነኛ ሞተር የዚህን አንድ አሥረኛ ቢያጠፋ በየቃጠሎው የሚቀረው በአማካይ ከአንድ ናኖሜትር ያነሰ፣ የዘይት ሞለኪውልን መጠን የሚቀራረብ ሽፋን ነው ማለት ነው። እንግዲህ «ጤነኛ» በሆነውና «ዘይት በሚበላው» ሞተር መካከል ያለው ልዩነት በዓይን የሚታይ አይደለም። ሞተሩን ከፍቶ በማየት ብቻ የሚሰጥ ፍርድ አንዳንዴ የሚስተው ለዚህ ነው።

2. በእርግጥ ምን ያህል ይበላል?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን?» ሳይሆን «ምን ያህል?» መሆን አለበት። ማንኛውም ሞተር ጥቂት ዘይት ያጠፋል። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው እስከ 1 ሊትር በ1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚፈቀድ መሆኑን ይጽፋሉ፤ ደኅና ሞተር ግን ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው የሚወስደው። ስለሆነም «ብዙ ይበላል» የሚለው አባባል በቁጥር ካልተተካ ትርጉም የለውም።

ልኬቱ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሦስት ወጥመዶች አሉት።

የመጀመሪያው ተዳፋት ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከዘይት ማጠራቀሚያው መሐል 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢቆም፣ መኪናው በ2 ዲግሪ ብቻ ሲያዘነብል የዘይቱ ገጽ በዘንጉ ላይ 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በዘንጉ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል 20 ሚሊሜትር ቢኖርና ይህም 1 ሊትርን ቢወክል፣ ስሕተቱ ሩብ ሊትር ይሆናል። ትናንት ዳገት ላይ፣ ዛሬ ሜዳ ላይ የለካ ሰው ያልጠፋ ዘይት ጠፋብኝ ሊል ይችላል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የሞተር ዘይት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ በይዘቱ 0.0007 ያህል ይስፋፋል። 4 ሊትር ዘይት ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ 0.2 ሊትር ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ከተለካ ገና ያልወረደ ዘይት በላይኛው ክፍል ይቀራል።

ሦስተኛው ስውር ነው። መኪናው ሞተሩ ሳይሞቅ አጫጭር ጉዞ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል። ዘይቱ እየጠፋ ቤንዚኑ ስለሚተካው መጠኑ ያልቀነሰ ይመስላል። ባለቤቱ አንድ ቀን ረጅም ጉዞ ሲሄድ ቤንዚኑ ይተናል፤ ያን ጊዜ «በአንድ ጉዞ ዘይቱን ጨረሰው» ይባላል።

ስለሆነም መኪናዋን ሁልጊዜ በአንድ ሜዳማ ቦታ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንለካ። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት እንሙላ፤ 1,000 ኪሎ ሜትር እንንዳ፤ ከዚያም እስከዚያው ምልክት ለመመለስ የጨመርነውን ዘይት በመስፈሪያ እንለካ። በዚህ ዘዴ የባልደረባችን መኪና 0.7 ሊትር በ1,000 ኪሎ ሜትር እንደምትወስድ አረጋገጥን። አቤቱታቸው እውነት ነበር።

3. አራቱ መውጫዎች

የቁስ አካል መጠን አይጠፋም። ከሞተሩ የጎደለ ዘይት የሆነ ቦታ ሄዷል። መውጫዎቹ በዋናነት አራት ናቸው፤

ሀ) ወደ ውጭ መፍሰስ፦ ባረጁ የዘይት ማገጃ ጎማዎችና በጓርኒሲዮኖች በኩል፤

ለ) በፒስተን ቀለበቶች በኩል ወደ ቃጠሎው ክፍል፤

ሐ) በቴስታታው ላይ ባሉት የቫልቭ ዘንጎች ዙሪያ፣ ጎማዎቻቸው ሲደርቁ፤

መ) በሞተሩ መተንፈሻ በኩል፣ ከአየር ጋር ተደባልቆ።

ተርቦ ያላቸው ሞተሮች አምስተኛ መውጫ አላቸው፤ የተርቦው ዘንግ ማገጃ ሲላላ ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው ወይም ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል።

መውጫ (ሀ)ን ለመመርመር ንጹሕ ካርቶን ሌሊቱን ከሞተሩ ሥር ማንጠፍ ይበቃል። ሆኖም አንዳንዱ ሞተር ዘይት የሚጥለው ሲሠራና ግፊት ሲኖረው ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩን አጥቦ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ እርጥበት መፈለግም ያስፈልጋል። የባልደረባችን ካርቶን ንጹሕ ሆኖ አደረ፤ ሞተሩም ደረቅ ነበር። ዘይቱ እንግዲህ ይቃጠላል ማለት ነው።

4. ጭሱ ለምን ሰማያዊ ሆነ?

በማርሚታው የሚወጣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶ የተፈጠረ ጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ሁሉንም የብርሃን ቀለማት ይውጣል። በቀዝቃዛ ጠዋት የሚታየውና ቶሎ የሚጠፋው ነጭ ጭስ የውኃ ተን ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ግን የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሊጠረጠር ይገባል። ዘይት ሲቃጠል የሚታየው ግን ሰማያዊ ጭስ ነው።

ሰማያዊነቱ የዘይቱ ቀለም አይደለም። በከፊል የተቃጠለው ዘይት ወደ እጅግ ደቃቅ ጠብታዎች ይቀየራል። ጠብታዎቹ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ሲያንሱ አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን አብልጠው ይበትናሉ። እ.ኤ.አ. በ1871 ሎርድ ሬይሊ እንዳሳየው፣ የሚበተነው ብርሃን ከሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል። በዚህ መሠረት 450 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን 650 ናኖሜትር ከሆነው ቀይ ብርሃን ከ4 ጊዜ በላይ ይበተናል። ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገውም ይኸው ሕግ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ምክር ይገኛል። ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ከኋላው ጥቁር ነገር፣ ለምሳሌ ጥላ ያረፈበት ግንብ ሲኖር ነው። ያንኑ ጭስ በፀሐይ አቅጣጫ ብናየው የሚደርሰን ሳይበተን ያለፈው ብርሃን ስለሆነ ቡናማ ይመስለናል። ሁለት ሰዎች በሁለት ወገን ቆመው ስለ ጭሱ ቀለም ቢከራከሩ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ! በተጨማሪም ጭስ ማጽጃ ያላቸው መኪኖች ጥቂቱን ዘይት ስለሚያቃጥሉት፣ ጭስ አለመታየቱ ብቻውን ዘይት አለመቃጠሉን አያረጋግጥም።

ከቀለሙ ይልቅ የሚበልጥ ምስክር ጭሱ የሚወጣበት ጊዜ ነው። መኪናው ቆሞ አድሮ ሲነሣ ብቻ ለጥቂት ሰከንዶች ሰማያዊ ጭስ ከታየ፣ ሌሊቱን በቫልቭ ዘንጎች ዙሪያ ወርዶ የተጠራቀመ ዘይት ነው፤ ጎማዎቹ ይጠረጠራሉ። ይህን ለመጠገን በብዙ ሞተሮች ላይ ሞተሩን ማውረድ አያስፈልግም። ሞተሩ በጭነት ሲሠራ፣ በተለይም ዳገት ሲወጣ ያለማቋረጥ ከታየ፣ ቀለበቶቹ ይጠረጠራሉ።

5. የዓባይ በረሃ፤ የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ደጀን ይወጣል። ይህ መንገድ ለሞተር ምርመራ የተሠራ ያህል ነው።

የቤንዚን መኪና ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ ሲወርድ አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን ይለቃል። የአየር መግቢያው በር ይዘጋል፤ ፒስተኖቹ ግን መሳባቸውን አያቋርጡም። በዚህ ጊዜ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት በእጅጉ ይወርዳል። በሞተሩ የታችኛው ክፍልና በቴስታታው ክዳን ሥር ያለው ግፊት ግን ከከባቢ አየር ግፊት ብዙም አይርቅም። ይህ የግፊት ልዩነት ዘይቱን በላላው የቫልቭ ጎማ በኩል ቁልቁል፣ በደከመው የዘይት ቀለበት በኩል ደግሞ ሽቅብ ይገፋዋል። ዘይቱ ይጠራቀማል። ቁልቁለቱ አልቆ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይቃጠላል፤ ከኋላ የሚከተል ሰው የሰማያዊ ደመና ፍንዳታ ያያል።

ከዚያ ወደ ደጀን የሚያወጣው ዳገት ሌላኛውን ፈተና ይሰጣል። አሁን የመግቢያው በር ተከፍቷል፤ በማስገቢያው ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ተቀራርቧል፤ የቃጠሎው ግፊት ግን ከፍተኛ ነው። በዚህ ጊዜ በተበሉ ቀለበቶች በኩል ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል፤ የዘይቱንም ጭጋግ ይበጠብጣል፤ ጭሱ ዳገቱን ሙሉ አይቋረጥም። ቁልቁለቱ ስለ መሳብ፣ ዳገቱ ስለ መግፋት ይመሰክራል ማለት ነው። ለዚህ ሙከራ ግን የሚያየው ሰው በሌላ መኪና ከኋላ ሊሆን ይገባል፤ አሽከርካሪው መስተዋት እያየ የሚሞክረው ጉዳይ አይደለም።

የባልደረባችን መኪና በጠዋት አላጨሰችም፤ ዳገትም ላይ አላጨሰችም። ከቁልቁለት በኋላ ግን ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ታየ።

6. ካንዴላውና መተንፈሻው

የሚቀጥለው ምርመራ አራቱን ካንዴላዎች ማውጣት ነው። በተራቸው መደርደር እንጂ መደባለቅ አይገባም። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የነዳጅ መብዛት፣ እርጥብና ቅባታማ ጥቁረት ወይም የተጋገረ አመድ የዘይት ምልክት ነው። ዋናው ጥያቄ ግን «አንዱ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም?» የሚለው ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ያለው በዚያ ሲሊንደር ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን አራት የተለያዩ ጥፋቶች በአንድ ጊዜ በእኩል መጠን ደረሱ ከማለት ይልቅ አንድ የጋራ ምክንያት መፈለግ ይሻላል። በባልደረባችን መኪና አራቱም እኩል ቅባት ነበራቸው።

በጣም የተለመደው የጋራ ምክንያት የሞተሩ መተንፈሻ ነው። በጥሩ ሞተርም ቢሆን ጥቂት ጋዝ በቀለበቶቹ በኩል ወደ ታች ያልፋል። ይህ ጋዝ መውጫ ካላገኘ የታችኛው ክፍል ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ጋዙን ወደ አየር ማስገቢያው ትመልሰዋለች፤ እዚያም ይቃጠላል። ይህች ቫልቭ በዘይት ጭቃ ከተደፈነች ግፊቱ ዘይቱን በማገጃዎቹና በቀለበቶቹ በኩል ይገፋዋል። ተከፍታ ከቀረች ደግሞ የዘይቱ ጭጋግ ከመጠን በላይ ይሳባል።

መፈተኛው አንድ ወረቀት ነው። ሞተሩ ያለ ጭነት በዝግታ እየሠራ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ይከፈትና ስስ ወረቀት በአፉ ላይ ይደረጋል። በብዙ የቤንዚን ሞተሮች መተንፈሻው ጤነኛ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ውስጥ በለስላሳው ይሳባል። የባልደረባችን ወረቀት ግን እየተርገበገበ ወደ ውጭ ተገፋ።

ይህ ብቻውን ሁለት ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል፤ ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል፣ ወይ ቀለበቶቹ ከመጠን በላይ ጋዝ ያሳልፋሉ። ሁለቱን ለመለየት ወደ አራቱ ቁጥሮች መመለስ አለብን።

7. የእመቃ ግፊትና የአዲስ አበባ ከፍታ

የእመቃ ሙከራ የሚደረገው ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ሞተሩ በማስነሻ ሞተር ብቻ ሲዞር ነው። ፒስተኑ የሳበውን አየር ያምቀዋል፤ የመጨረሻው ግፊት ይነበባል። የሳበው አየር የመጀመሪያ ግፊት ግን የከባቢ አየር ግፊት ነው። የጎደለው ይህ ነበር።

የመጀመሪያውን ግፊት ግ፣ የእመቃውን ብዜት ለ ብንለው፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚደረሰው ፍጹማዊ ግፊት ግ×ለ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር ያለውን ብልጫ ስለሆነ ንባቡ ግ×ለ − ግ፣ ማለትም ግ×(ለ − 1) ይሆናል። ለ በሞተሩ ቅርጽ የሚወሰን ስለሆነ ከቦታ ቦታ ያን ያህል አይለወጥም። ስለሆነም ንባቡ ከከባቢ አየር ግፊት ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል።

በባሕር ጠለል የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው አዲስ አበባ ግን 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ነው። የሁለቱ ንጽጽር 0.75 ነው። የአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ስለነበር፣ 13 ባር የተባለው ደረጃ በአዲስ አበባ 13 × 0.75 = 9.75 ባር ይሆናል። ዝቅተኛው ወሰን 10 ባርም ወደ 7.5 ባር ይወርዳል።

አሁን ወረቀቱን እንደገና እናንብብ፤ 9.8፣ 9.6፣ 9.7፣ 9.5። አማካዩ 9.65 ባር ነው። በእርሳቸውም መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት 0.3 ባር ብቻ ነው። «አልቋል» የተባለው ሞተር የእመቃ ግፊቱ የአዲስ ሞተርን ያህል ነበር! ባለሙያው ያላሰበው ነገር ቢኖር የቆመበትን መሬት ከፍታ ነው። ከፍታ ባለው አገር የሚኖር ሰው ለቆላ በተጻፈ ቁጥር ሲፈርድ፣ ጤነኛ ሞተር ሁሉ በሽተኛ ይመስለዋል።

ንባቡ ተስተካክሎም ዝቅ ብሎ ቢገኝ ኖሮ የሚቀጥለው እርምጃ በሲሊንደሩ ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነበር። ዘይቱ የቀለበቶቹን ክፍተት ለጊዜው ስለሚዘጋ፣ ንባቡ ጎላ ብሎ ከጨመረ ቀለበቶቹ ተበልተዋል፤ ካልጨመረ ቫልቮቹ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይመረመራሉ። ባትሪው ደካማ ከሆነ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ሁሉም ንባብ እንደሚቀንስም መዘንጋት አይገባም።

8. እመቃው ደኅና ሆኖም ዘይት ሲበላ

እዚህ ላይ ተቃራኒውን ስሕተት እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። ጥሩ እመቃ ማለት ጥሩ ቀለበቶች ማለት ነውን? በክፍል 1 ያስታወስነው የሥራ ክፍፍል መልሱን ይሰጠናል። የእመቃ ሙከራ በዋናነት የሚመሰክረው ስለ ላይኞቹ ሁለት ቀለበቶች ነው። ሦስተኛው፣ የዘይት ቀለበቱ፣ በጥቀርሻ ተጣብቆ ወይም የመመለሻ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው እያለ ኮምፕሬሽኑ እንከን የለሽ ሊሆን ይችላል።

የታወቀ ምሳሌ አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በልዩ ልዩ መኪኖቹ ላይ የገጠመው 2ኤዜድ-ኤፍኢ የተባለው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር በአንዳንድ ምርቶቹ ዘይት በመብላት ይታወቃል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 ለአሜሪካ ጥገና ጣቢያዎቹ ባወጣው የቴክኒክ ማስታወቂያ የዘይት ፍጆታውን ለመቀነስ የፒስተኑ ስብስብ መለወጡን ገልጿል። ጥገና የሚገባው ፍጆታ ወሰንም በ1,200 ማይል 1 ኳርት፣ ማለትም በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ልኬት የሚመልሰው የተጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው «ወፍራም ዘይት ቀይርበት» የሚለው ምክርም በዚህ ዓይን ይታይ። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረጃ 30 ዘይት ዝልግልግነት ከ9.3 እስከ 12.5፣ የደረጃ 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ካሬ ሚሊሜትር በሰከንድ ነው። ወፍራሙ ዘይት በጠባብ ክፍተት ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ፍጆታው ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን በቀዝቃዛ ጠዋት ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል፤ ምክንያቱንም አያስወግድም። ምልክትን መሸፈን ሕክምና አይደለም።

9. የወረቀቷ ፍጻሜ

ለባልደረባችን የቀረው እርምጃ ከሁሉም ርካሹ ነበር። የመተንፈሻዋ ቫልቭ ተፈታች፤ ስትነቀነቅ ድምፅ መስጠት ሲገባት ዝም አለች። ቱቦዋም በጠጣር የዘይት ጭቃ ተደፍኖ ነበር። ቫልቩና ቱቦው ተለወጡ፤ ዘይቱና ማጣሪያው ተቀየሩ። ከዚያም በመጀመሪያው ዘዴ፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሙቀት እንደገና ለካን። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የተጨመረው ዘይት 0.15 ሊትር ብቻ ሆነ። ሞተሩ አልተከፈተም።

ሁልጊዜ እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ማለታችን አይደለም። ዳገት ላይ ያለማቋረጥ የሚያጨስ፣ ከፍታው ተሰልቶም ንባቡ ከወሰን በታች የሆነ፣ ዘይት ሲጨመርበትም ንባቡ የሚዘል ሞተር በእርግጥ መከፈት አለበት፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። ማስታወስ ያለብን ቅደም ተከተሉን ነው፤ በመጀመሪያ መጠኑ፣ ቀጥሎ ካርቶኑ፣ ጭሱ፣ ካንዴላው፣ ወረቀቱ፣ ከዚያም እመቃው፤ ሞተሩን መክፈት የመጨረሻው ነው። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስም የዘይቱን መጠን በየሳምንቱ መመልከት ግድ ነው። ሞተርን የሚገድለው ዘይት መብላቱ ሳይሆን ያለ ዘይት መሄዱ ነውና።

ስለ ጋራዡ ባለሙያም ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ሊያታልል አልፈለገም፤ ለክቷል፤ መጽሐፍም አገላብጧል። ስሌቱን ስናሳየው ጥቂት አሰበና በመለኪያው ሣጥን ክዳን ላይ «አዲስ አበባ፦ የመጽሐፉ ቁጥር × 0.75» ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መለኪያ የሚለካ ሞተር ሁሉ በቆመበት ከፍታ ይዳኛል።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1) በባሕር ዳር የከባቢ አየር ግፊት 81 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ በመጽሐፉ 12.5 ባር የተባለ ሞተር በዚያ ስንት ባር ያሳያል?

2) አንድ ሞተር ሲሠራ በየ10 ሰከንዱ 0.04 ሚሊ ሊትር የሆነ ጠብታ ይጥላል። መኪናው በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት ዘይት ይፈሳል?

3) የናፍታ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የአየር መግቢያ በር አይዘጉም። በክፍል 5 የተገለጸው የቁልቁለት ምልክት በእነርሱ ላይ ለምን ደካማ ይሆናል?

መልስ፦ 1) 10 ባር ገደማ፤ 2) 360 ሚሊ ሊትር፤ 3) በሩ ስለማይዘጋ በማስገቢያው ውስጥ ዘይቱን የሚስብ ከፍተኛ የግፊት ልዩነት አይፈጠርም።